ተጠያቂዋ ዋግና ጠያቂዎቿ

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ስም ቃል ኪዳን ገብቶ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ባወጀ ጊዜ፣ ሰቆጣ የምትገኝበት የዋግ ኽምራ ስም በምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ዘንድ ገነነ፤ ይሁን እንጂ በሙያዬ እንዳየሁት የአካባቢው ቋንቋ የኽምጣና ተናጋሪዎች ዘወትር ተጠያቂዎች እንጂ ጠያቂዎች አይደሉም።

ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቆላ የወረደ መረጃ ሰብሳቢ፣ በአማርኛ የተጻፈ መጠይቁን ዘርግቶ፣ ባለፈው መኸር ስንት ኩንታል ማሽላ እንደገባ እማወራዋን በአስተርጓሚ ይጠይቃታል፤ ነገር ግን ኑሮዋ ከእህሉ ይልቅ በፍየሎቿና በንብ ቀፎዋ የቆመ ሆኖ ሳለ፣ በክፉ ቀን የትኛይቱን ፍየል አስቀድማ እንደምትሸጥ የሚጠይቃት ስለማይኖር፣ አኃዙ ጎደሎ እንደ ሆነ አዲስ አበባ ይደርሳል። መጠይቁን ያዘጋጀው የዋግ ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ አስቀድሞ የሚጽፈው ይህንኑ ጥያቄ በሆነ ነበር።

ጠያቂው ከተጠያቂዎቹ ወገን ያለመሆኑ ጉድለት የዓለምም ነው። ሳዲ አሌክሳንደር በ1921 እ.ኤ.አ. በምጣኔ ሀብት የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ብትሆንም፣ በሙያዋ የሚቀበላት አጥታ ወደ ሕግ ዞረች፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ሉዊስ ግን፣ በቅኝ ግዛት ደሴት በቅድስት ሉሲያ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ፣ የድሆች አገሮችን ዕድገት የጥናቱ ማዕከል አደረገው።

እንግዲህ በኽምጣና ፊደል የቆጠረው ብላቴና እስከ ድኅረ ምረቃ የሚዘልቅበት ድጎማ ይመደብለት፤ መጠይቁ ከመታተሙ አስቀድሞ በሰቆጣ ከአገሬው ምሁራን ጋር ይመርመር፤ መረጃ የሰበሰበውም ወጣት፣ በጥናቱ ሐሳብ ከተካፈለ፣ ስሙ ከጸሐፊዎቹ ተርታ ይጻፍለት።