ሞርፊን ሲቋረጥ የሚከፋው የትኛው የአንጎል ክፍል ነው?

ሞርፊን፣ ሄሮይን ወይም ትራማዶል የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ያልበዋል፣ ያዛጋዋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ እግሩ አላርፍ ይላል። ይህን ሐኪም በዓይኑ ያየዋል። የማይታየው ግን ጭንቀቱ ነው፤ "ከዚህስ ምንም ይሻላል" የሚያሰኘው ስሜት። ብዙዎችን ወደ መድኃኒቱ የሚመልሳቸው ይሄኛው ነው።

ሁለቱም ከአንድ ቦታ የሚመጡ ይመስላል አይደል? ለዓመታት ጣት የተቀሰረው በአንጎል ግንድ ውስጥ ባለችው ሎከስ ሴሩሊየስ ላይ ነበር። ኖራድሬናሊን የተባለውን ኬሚካል ለአብዛኛው አንጎል የምታከፋፍል ኢምንት ቦታ ናት። ኦፒዮይድ ሴሎቿን ያፍናቸዋል፤ እነሱም በየቀኑ ሲታፈኑ የውስጥ ሞተራቸውን ከፍ እያደረጉ ይቋቋሙታል። አፈናው ድንገት ሲነሳ ሞተሩ ከፍ እንዳለ ይቀርና ያለ ልክ መሥራት ይጀምራሉ። በ1978 አሜሪካ ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒቱ ክሎኒዲን ምልክቶቹን እንደሚያስታግስ መታየቱ ሐሳቡን አጠናከረው።

አይጦች ግን ነገሩን አወሳሰቡት። አይጥ "ምን ተሰማሽ?" ተብላ አትጠየቅም። ስለዚህ ሞርፊን የለመደችውን አይጥ አንድ ክፍል አስገብተው ናሎክሶን ይወጓታል። ናሎክሶን ሞርፊኑን ከተቀባዩ ላይ ገፍቶ ስለሚያስለቅቀው ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። በሌላ ጊዜ በነፃነት ሲለቋት ያንን ክፍል ትሸሸዋለች፤ የመከፋቷ መለኪያ ሽሽቷ ነው (ጭካኔ ቢመስልም ሌላ መጠየቂያ መንገድ ብዙም የለም)። በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት፣ ከሎከስ ሴሩሊየስ የሚነሳውን ዋና የኖራድሬናሊን መስመር ማበላሸት ሽሽቱን አላስቀረውም። ከአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ተነስቶ የአሚግዳላ ዘመድ ወደሆነው የስትሪያ ተርሚናሊስ ኒውክሊየስ የሚሄደው መስመር ሲበላሽ ግን ሽሽቱ በጣም ቀነሰ። በ2016 ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከታላመስ ወደ ኒውክሊየስ አኩምበንስ የሚሄድ ሌላ መስመር አገኙ፤ በብርሃን ጸጥ ሲያሰኙት አይጦቹ ሕመሙ የመጣባቸውን ክፍል መሸሽ ተዉ።

እንግዲህ ክሎኒዲን ወስዶ ላቡ የቆመለት ሰው "አሁንም አልቻልኩም" ቢላችሁ እያስመሰለ አይደለም። ላቡ ቆመ ማለት ጭንቀቱ ለቀቀው ማለት አይደለም። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚሰጡትም ሁለቱንም አብረው ስለሚያረጋጉ ነው። ያለ እነሱ ለሳምንታት ታግሎ የተሸነፈ ሰው አደጋው ይብስበታል፦ ሰውነቱ መልመዱን ስለረሳ፣ ድሮ የሚችለውን ያህል ሲወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።