78 ነፍስና አንድ ጥርኝ ውሃ

ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መስቀሉ ጣሪያ ነው። ከላይ ቆሞ ያንን አይቶ፣ በጠባቡ መተላለፊያ ወርዶ ግቢው ውስጥ ሲገባ ግን ከአለቱ ግድግዳ ከተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ እግር ያያል። የሰው እግር ነው፤ ጣቱ ያልረገፈ፣ ቆዳው እንደ ቆየ ቁርበት የደረቀ። ለገና ነጭ ለብሶ የመጣው ምእመን በአጠገቡ ሲያልፍ ያማትባል እንጂ አይደነግጥም። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አጽሙና ያልፈረሰው በድን ተደራርቦ ተኝቷል። የአካባቢው ሰው ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ናቸው ይላል።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ስለ ዞምቢ ላወራ ስለሆነ ነው።

ዞምቢ ማለት በፊልሙ ዓለም ሞቶ የተነሣ፣ አእምሮ የሌለው፣ ሕያዋንን እያሳደደ የሚበላ በድን ነው። የላሊበላና የይምርሐነ ክርስቶስ ሙታን እንዲህ ያለ አመል የለባቸውም። እንደተኙ ናቸው፤ የሚጠብቁት ትንሣኤም ሌላ ዓይነት ነው። በዚህ አገር ሰው የሚበላው በሕይወት ያለው ሰው ነው። ስሙንም ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል፦ በላዔ ሰብእ።

ታሪኩ ያለው በተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ ራሱ ብዙ አገር የዞረ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ፣ በተለይም በፈረንሳይ፣ የተሰበሰቡ የማርያም ተአምራት ወደ ምሥራቅ ተሻግረው ዓረብኛ ሆኑ። ከዓረብኛው ደግሞ በዐፄ ዳዊት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1382–1413) ወደ ግእዝ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የእኛዎቹ ሊቃውንት ከአገር የተገኘውን እየጨመሩበት መጽሐፉ ወፈረ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ፤ የእመቤታችንንም በዓላት በዓመት 33 አደረሱ። በሥዕል ከተጌጡት ተአምረ ማርያሞች ሁሉ ቀዳሚ ነው የሚባለው ለዚሁ ለዐፄ ዳዊት የተጻፈው ሲሆን የሚገኘው ላሊበላ ባለበት በወሎ፣ ከግሸን ማርያም አምባ ላይ ነው።

በላዔ ሰብእ እንዲህ ነው። ቅምር በምትባል አገር ከበርቴና እንግዳ ተቀባይ የሆነ ክርስቲያን ነበረ። እንደ አብርሃም ደጁን ከፍቶ ስለሚኖር ሰይጣን ቀናበት፤ ሦስት እንግዶች መስሎም መጣ። ሰውዬው ሥላሴ ቤቴ ገቡ ብሎ ፍሪዳ ጣለላቸው። እነሱ ግን ልጅህን እረድልን አሉት። አረደ። አብርሃምን እጁን የያዘለት መልአክ ለዚህ አልመጣለትም። አንተ ቅመስልን አሉት፤ ቀመሰ። ከዚያች ጉርሻ በኋላ ሌላ ምግብ አልጥምህ አለው። ሚስቱን፣ ዘመዱን፣ ሎሌውን በላ። ቤቱ ሲያልቅ ቀስቱን፣ ጦሩንና የውሃ መያዣውን አንጠልጥሎ መንገድ ወጣ። የበላው ሲቆጠር 78 ነፍስ ሆነ።

አንድ ቀን ሰውነቱ በቁስል ያለቀ ለምጻም መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘ። ገላውን አይቶ ሊበላው ተጸየፈ። ለምጻሙ ግን ጥም ይዞታልና ውሃ ለመነው። ስለ እግዚአብሔር ቢለው እንቢ አለ፤ ስለ ጻድቃን ስለ ሰማዕታት ቢለው እንቢ አለ። በመጨረሻ ስለ ማርያም አለው። ይኼኔ ሰውዬው ቆመ። ይህን ስም በልጅነቱ ሰምቶታል። መዳፉን ዘርጋ ብሎ ጥርኝ ውሃ አፈሰሰለት፤ ጥም እንኳ የማትቆርጥ ጥርኝ። ከዚያ ዋሻ ገብቶ ሲያለቅስ ሞተ። ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች፤ ሚዛኑ መጣ። በአንዱ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ያቺ ውሃ። ውሃዋ አልደፋችም። እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍባት ግን ደፋች።

ካህኑ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ሴቶቹ ምን ያህል እንደሚነካቸው ያየ ያውቀዋል። ፊልም ቤት ውስጥ የማላውቀው ዝምታ ነው። በየዓመቱ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ ታሪኩ ተመልሶ ይነሣል። ፍርዱ ለ78ቱ አግባብ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰውም አይጠፋም። እኔም በልጅነቴ ጠይቄ ነበር፤ የተሰጠኝ መልስ ኩርኩም ነው።

ሠዓሊዎቻችን ይህን ታሪክ በአንድ ሥዕል አልጨረሱትም። ከፋፍለው ነው የሣሉት። ሰውዬው እዚህ ቀስት ይገትራል፤ ከጎኑ እጅ ወይም እግር ይዞ ይግጣል፤ እዚያ ጎንበስ ብሎ ውሃ ያፈስሳል፤ ከላይ ሚዛኑ ተሰቅሏል። አንድ ሰው በአንድ ግድግዳ ላይ ሦስት አራት ጊዜ መታየቱ ተመልካቹን ግር አይለውም፤ ዓይኑ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው በላዔ ሰብእን ከግድግዳው ላይ ሳያየው አይወጣም። ከታች የተጻፈችው አጭር ጽሑፍ፣ እገሌ እንዲህ እንዳደረገ የምትለዋ፣ ዛሬ ኮሚክ በምንለው ውስጥ ያለችዋን ጽሑፍ ሥራ ትሠራለች። ይህ ልማድ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ገበያ ገብቷል። በአዲስ አበባ የቱሪስት ሱቆች የምናውቀው የንግሥተ ሳባ ሥዕል፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች የተከፋፈለው፣ በእኔ ዓይን ኮሚክ ነው። በላሊበላ ሱቆች የተሰቀሉት ባለ ሥዕል ብራናዎችም ከዚሁ ዘር ናቸው።

ከዓይኑ አሣሣል አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ የሥዕል ሕግ ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞራል፤ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። ፈረሰኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ባለ ሁለት ዓይን፣ ጌታን የሰቀሉት ወታደሮች ባለ አንድ ዓይን ናቸው። በላዔ ሰብእ እንግዲህ የትኛው ነው? ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር የምፈልገው እሱን ነው፤ ሠዓሊው ሁለተኛውን ዓይን መቼ እንደሰጠው።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ በላተኞች እንለፍ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 ኢሜጅ ኮሚክስ የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ የሮበርት ኪርክማንን «ዘ ዎኪንግ ዴድ» አወጣ፤ የሚራመዱ ሙታን ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት እትሞች ቶኒ ሙር ሣለ፤ ከሰባተኛው እስከ መጨረሻው እንግሊዛዊው ቻርሊ አድላርድ ቀጠለ። ኪርክማን አሳታሚዎቹ ተራ የዞምቢ ታሪክ አይሸጥም ብለው ሲያመነቱ፣ ከጀርባው የሌላ ዓለም ፍጥረታት ወረራ አለበት ብሎ ዋሻቸው። ታሪኩ ግን ተራ የዞምቢ ታሪክ ነበር፤ ተሸጠም። 7 ሺህ ገደማ ቅጂ ታትሞ የጀመረው ኮሚክ እስከ 193ኛ እትም ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ደግሞ አስቀድሞ ለማንም ሳይነገር በድንገት አበቃ።

ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ደሙም ጥቁር ነው። ቀዩን ቀለም እንደልቡ የሚያፈስ የእኛ ሠዓሊ ይህን ቢያይ ቀለም አለቀባቸው እንዴ ማለቱ አይቀርም። ታሪኩ ሪክ ግራይምስ የተባለ ፖሊስ ቆስሎ ከተኛበት ሆስፒታል ሲነቃ ዓለም ጠፍታ ማግኘቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ዞምቢዎቹ እንደ ዝናብ ወይም እንደ ድርቅ ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ክፋት የላቸውም። የሚያስፈራው የተረፈው ሰው ነው። የተረፉት ሁሉ ደግሞ ሙታንን የሚያስነሣው በሽታ አለባቸው፤ ሳይነከስ የሞተም ይነሣል። ስለዚህ የሚራመዱት ሙታን እነዚያ ሳይሆኑ እኛው ነን ይላል ሪክ አንድ ቦታ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጡት እትሞች ውስጥ ደግሞ ረኀብ ጠንቶባቸው ሰው እያደኑ የሚበሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የበሉት የገዛ ልጆቻቸውን ነው። ይህን ሳነብ ቅምር ትዝ አለችኝ።

ኮሚኩ በቴሌቪዥን የመጣው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2010 ነው። ፍራንክ ዳራቦንት አዘጋጅቶት በኤኤምሲ ጣቢያ ታየ፤ 11 ምዕራፍና 177 ክፍል ሆኖ በኅዳር 2022 አለቀ። በመካከሉ ብዙ ነገር ተለወጠ። ተመልካች እጅግ የወደደው ባለ ቀስቱ ዳሪል በኮሚኩ ውስጥ ጭራሽ የለም። ይህ መቀየር እኛን ሊገርመን አይገባም፤ የበላዔ ሰብእም ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ መዝሙር፣ ከመዝሙር ወደ እናቶች አፍ ሲሻገር አንዱ ስምዖን ይለዋል፣ አንዱ ስም አይሰጠውም። በአሜሪካ ከሁሉ በላይ ሕዝብ ያየው ክፍል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የታየው፣ ከ17 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ያገኘው ነው። የዚያን ቀን የታየው ምን ነበር? ሰውን እንደ ፍሪዳ ገንዳ ላይ የሚያርዱ ሰዎች።

ለበላዔ ሰብእ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ከኮሚኩ የተሠራው የቪዲዮ ጌም ነው። ቴልቴል ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2012 በአምስት ክፍል ያወጣው ጌም ተኩስ የሚበዛበት አይደለም፤ ምርጫ የሚበዛበት ነው። ዋናው ሰው ሊ ኤቨረት ይባላል። ታሪኩ ሲጀምር ሰው ገድሎ ተፈርዶበት በፖሊስ መኪና ወደ እስር ቤት እየተወሰደ ነው። መኪናው ይገለበጣል፤ ይተርፋል፤ ክሌመንታይን የምትባል ትንሽ ልጅ ዛፍ ላይ በተሠራ የመጫወቻ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ተደብቃ ያገኛል። የቀረው ሁሉ እሷን ማሳደግ ነው። ምግብ ለማን ይሰጣል፣ ማን ይድናል፣ ማን ይተዋል እያለ ተጫዋቹን ይጠይቀዋል፤ ሰዓት ቆጥሮ፣ ፋታ ሳይሰጥ። አንድ ነገር ባደረግህ ቁጥር ያ ሰው ይህን አይረሳም የሚል ጽሑፍ ከላይ ብቅ ይላል። ይህ ሚዛን ካልሆነ ምን ይባላል? ልዩነቱ ጥላ የምታሳርፍ አለመኖሯ ነው። ድርጅቱ በ2018 ፈርሶ የመጨረሻው ምዕራፍ እንኳ ሜዳ ላይ ሲቀር፣ የኪርክማን ድርጅት ስካይባውንድ ተረክቦ በ2019 አስጨረሰው።

እውነተኛውን ዞምቢ የፈለገ ሰው ከሆሊውድ በፊት ሄይቲን መጠየቅ አለበት። እዚያ ዞምቢ ሰው አይበላም፤ ከመቃብር አውጥተው እንደ ባሪያ የሚያሠሩት በድን ነው። ሰው በላው ዞምቢ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ከጆርጅ ሮሜሮ ፊልም ነው። የሄይቲው ዓይነት ግን እኛም ዘንድ አለ። ቡዳ የገደለውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ፣ ነፍስ ዘርቶበት ቤቱ ያሠራዋል፤ እንግዳ ሲመጣ በዱላ መታ አድርጎ እንስራ ያደርገዋል የሚል ወሬ ከመንዝ ተመዝግቧል። ወሬው አስቂኝ ይመስላል። ነገር ግን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ቡዳ ናቸው እየተባሉ በዚህ ወሬ ሲገፉ፣ ሲደበደቡ ኖረዋል። በአማርኛ የዞምቢ ፊልም ልሥራ የሚል ወጣት ይህን ጓዳ ሲከፍት እጁን ታጥቦ ይክፈት።

ወጣቶቹ መሥራታቸው አይቀርም። በሰራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢታን ኮሚክስ ያወጣው «ጀምበር» የኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል ታሪክ ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተነቧል። በዩቲዩብ የውጭ ፊልም በአማርኛ የሚተርኩልን ልጆችም አሉ፤ ምስሉ እያለፈ ድምፃቸው ታሪኩን ይነግራል። አንዳንዴ ስሰማቸው ሥዕሉን በመቋሚያ እየጠቆመ የሚያስረዳ ደብተራ ይመስሉኛል። በላዔ ሰብእን በኮሚክ ልሥራ የሚል ቢያማክረኝ፣ 78ቱን ለማሳየት አትቸኩል፤ ያቺን ጥርኝ ሙሉ ገጽ ስጣት እለዋለሁ። ዘጌ ያሉት ሠዓሊዎች ይህ ሳይገባቸው አልቀረም፤ የፈሰሰችው ውሃ ቀጭን መስመር ናት፣ ዓይን ግን እሷን ነው የሚከተል።

ላሊበላ የሚለው ስም ደግሞ ሌላ ባለቤት አለው። በደጋው አገር፣ በአዲስ አበባም ሰፈር ውስጥ፣ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ በዜማ የሚለምኑ አሉ፤ ላሊበላዎች ወይም ሐሚናዎች ይባላሉ። ካልዘፈንን ለምጽ ይወጣብናል ብለው ያምናሉ ይባላል። ስማቸውን ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚያያይዘው አለ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ባልና ሚስት ድምፃቸውን አስተባብረው ከአጥር ውጭ ይቆማሉ፤ የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት ጠይቀው ስላወቁ በስሙ ይጠሩታል። ውሻ ይጮኻል። ባለቤቱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ትንሽ ያዳምጣል፣ ይሄዱ እንደሆነ ይጠብቃል። አይሄዱም፤ ስለ ማርያም ይላሉ። በሩ ገርበብ ይላል፤ እጅ ይወጣል።