ፋሲካ በሰናኢያ፦ ፆሙን ስንፈታ ምን እንብላ፣ ከምን እንጠንቀቅ?

በሳዑዲ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የፋሲካ እሁድ በሪያድ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ማዳም ሥራ ትገባለች፣ ቁርሱን የምታቀርበው ደግሞ ሌሊቱን በስልኳ ቅዳሴ ስትከታተል ያደረችው እህታችን ናት። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 (አፕሪል 12) ነው። ብዙዎቻችን ተሰብስበን የምንበላው ግን በዕለቱ ሳይሆን በሚቀጥለው ዓርብ፣ ሚያዝያ 9 ነው፤ ሰናኢያ ወይም መንፉሃ፣ አንዷ ጓደኛ በተከራየችው ክፍል።

«ዓርብ እንዴት ፍስክ ይበላል?» ብላ የምትጨነቅ ካለች፣ ይበላል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። የዓርብ ዕረፍት ያላት ሠራተኛ በዓሏ አላለፈባትም ማለት ነው።

ሆድሽን አስቀድሚ

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ክርስቲያኗ ሠራተኛ ፆሟን ይዛ፣ ሌሊቱን ሳምቡሳ ስትጠብስና የሱሁር ሳህን ስታጥብ ነው የከረመችው። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት፣ 55 ቀን ቅቤም ሥጋም ያልነካ ሆድ፣ በአንድ ጊዜ ቅባት የበዛበት ዶሮ ሲወርድበት ያምፃል። ማቃጠል፣ መነፋት፣ ማስቀመጥ በፋሲካ ሰሞን የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

እናቶቻችን መጀመሪያ ተልባ የሚያጠጡን በከንቱ አይደለም። ተልባ በውሃ ሲበጠበጥ የሚልግ ነገር አለው፤ ሆድን ያለሰልሳል። ሪያድ ውስጥ በቅመም ሱቆች «ብዝር ከታን» ብለሽ ጠይቂ። አብሽ ደግሞ «ሒልባ» ነው፣ የትም አለ። የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን አብሹን አታብዢው፣ ማርም አትጨምሪበት፤ አብሽ ራሱ ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን እዚህም 9 ነው (የሳዑዲ ሰው 3 የሚለው)። በዚያ ሰዓት ብቻሽን የምትፈቺ ከሆነ አንድ ብርጭቆ ተልባ፣ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ ዳቦ ይበቃል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ዶሮው ለዓርብ ይቆይ።

ከስቅለት ጀምሮ የምታከፍሉ እህቶች፣ ሥራ ላይ እያላችሁና በዚህ ሙቀት ያለ ውሃ ሁለት ቀን መቆየት ከባድ ነው። ራስሽን ካዞረሽ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ልብሽ ከመታ ውሃ ጠጪ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ ወይም መድኃኒት የምትወስድ አታክፍል፤ ይህን የንስሐ አባትሽም አይነፍጉሽም።

ለ10 ሰው የሚሆን ማዕድ

ሪያድ ውስጥ የሚሸጠው ሥጋና ዶሮ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው። አንዷ «ስደት ነው» ብላ ትበላለች፣ ሌላዋ አትነካውም፤ ሁለቱም አንድ ትሪ ላይ ይቀመጣሉ። በእኔ አስተያየት ጠቡን ከማዕድ ማስወጣት የሚቻለው ዋናውን ወጥ በእንቁላል በመሥራት ነው። ዶሮ የምትፈልግ ለብቻው ይሠራላት። እንቁላሉ ርካሽ ነው፣ ሙስሊም እህቶቻችንም አብረውን ይበሉታል፣ ሆድም አይከብድበትም።

ለእንቁላል ወጥ 2 ኪሎ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፊና ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አብስዪው። አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ እዚህ ላይ የቸኮለች ወጧ ውሃ ይሆንባታል። ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ቅቤው። የአገር ቅቤ ከሌለ ጨው የሌለበትን ዙብዳ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከእርድ፣ ከአብሽና ከኮሰረት ጋር አንጥሪው፤ ኮሰረት ካጣሽ ይቅር። ኮረሪማ ከጠፋ ሄል ይተካዋል፣ ሽታው ግን ለየት ስለሚል በግማሽ ቀንሺው። 15 እንቁላል ቀቅለሽ፣ ልጠሽ፣ ጫር ጫር አድርገሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪ።

አይብ ከሱቅ አይገዛም፤ ከለበን ይሠራል። 2 ሊትር ያልጣፈጠ ለበን በትንሽ እሳት ላይ ጥደሽ ሳታማስዪ ጠብቂው። ውሃውና አይቡ ሲለያይ አውጥተሽ አብርጂ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪ። የፋብሪካ ለበን በሙቀት ከታከመ (ፓስቸራይዝድ) ወተት ስለሚሠራ ከጥሬ ወተት ይልቅ እሱን ምረጪ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ ያመጣል። አይቡን ከጎመን ጋር ለማድረግ «ሲልቅ» የሚባለውን ቅጠል ቀቅለሽ፣ ጨምቀሽ፣ ከትፈሽ ቀላቅዪው። ከጎኑ ቲማቲም፣ ኪያርና ጅርጅር በሎሚ። ሚያዝያ ውስጥ ሪያድ ሞቅ ስለሚል ይህን የመሰለ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ከወጡ ቀድሞ ያልቃል።

ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ቅጠልም ይሆናል፤ የፎርኖ ወረቀት አንጥፊ፣ ጥቁር አዝሙድ («ሐባ ሶዳ») አትርሺ። ክትፎ የሚያምራችሁ አብስሉት። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ታመሽ የሕክምና ፈቃድ ስትጠይቂ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሐሙስ ማታ የሠራሽውን ይዘሽ የምትመጪ ከሆነ፣ ወጡን በሰፋ ዕቃ አብርደሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለሽ። ዓርብ ዕለት እስኪፈላ አሙቂው፤ ለብ ማድረግ አይበቃም። ዕቃውን ሐሙስ ግዙ፤ ዓርብ ጠዋት ብዙ ሱቅ ዝግ ነው።

ቡና ሲፈላ ደግሞ አንድ ነገር፦ ኤሲ የሚሠራበት፣ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታያይዙ። የከሰል ጢስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብሎ ይጀምርና ያስተኛል፣ የማትነሺበት እንቅልፍ ይሆናል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ውበቱ ቢቀንስም ይሻላል።

ጠላና ጠጅ አይታሰብም

አልኮል በሳዑዲ ወንጀል ነው። ለበዓል ብሎ አንድ ጀሪካን መጥመቅ እስርና ወደ አገር መመለስ ያስከትላል፤ ያልጠጣችውም እዚያው ክፍል ውስጥ ከተገኘች አብራ ልትያዝ ትችላለች። ጌሾ ከአገር አታስመጪ። ብርዝ ከወደዳችሁ በዕለቱ በጥብጣችሁ በዕለቱ ጠጡት፤ በሙቀት ሁለት ሦስት ቀን ያደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራል፣ ፖሊስ ፊት ደግሞ «ብርዝ ነው» የሚል ማስረጃ የለም።

ፈቃድ አጠያየቅ

ፋሲካ በሳዑዲ ሕግ የታወቀ በዓል አይደለም፤ «መብቴ ነው» ብለሽ እሁድን ልትወስጂ አትችዪም። የሳምንት ዕረፍት ግን መብትሽ ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ሳይቋረጥ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ በቀን ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይላል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ፤ ወይ ዕረፍትሽን በዚያ ሳምንት ወደ እሁድ ማዛወር፣ ወይ ዓርብን ማስከበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማዳም ስትረጋጋ፣ «በዚህ ሳምንት ዕረፍቴን እሁድ ላድርገው፣ ዓርብ እሠራለሁ» ብለሽ ጠይቂ። በዋትሳፕ ብታረጋግጪው ጥሩ ነው፤ ኋላ «አላልኩም» እንዳይመጣ።

ምንም ዕረፍት የማይሰጥሽ ከሆነ የበዓሉ ጉዳይ ሳይሆን የደንብ ጥሰት ነው። የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። ፓስፖርትሽን አሠሪ መያዝ አይፈቀድለትም።

ከቤት ስትወጪ አሠሪሽ ይወቅ። ሳታሳውቂ ወጥተሽ ብታድሪ «ሁሩብ» ሊመዘገብብሽ ይችላል፣ እሱን ማስነሳት ከባድ ነው። ኢቃማሽን ወይም በስልክሽ ያለውን አብሽር ይዘሽ ውጪ።

ማዕድና ጸሎት

አብሮ መብላትና የተደራጀ ጸሎት በዚህ አገር አንድ ተደርገው አይታዩም። ቤተ ክርስቲያን የለም፤ የክርስቲያን ስብሰባም ችግር ያመጣል። በታኅሣሥ 2004 (ዲሴምበር 2011) ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ታስረው ነበር፤ 29ኙ ሴቶች እንደነበሩ ሂውማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ላልቷል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ተሰብስቦ መዘመርንና ቲክቶክ ላይ ላይቭ መግባትን አልመክርም። ማዕተቧን ወይም ፊቷን ሳታስፈቅጂ የለጠፍሽባት ጓደኛሽ ሰኞ ጠዋት ከከፊሏ ጋር ምን እንደሚገጥማት አታውቂም።

ሰው አይብዛ፤ 10 ሴት ከ30 ይሻላል። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ማደርም ሌላ ክስ ያመጣል። በማታ የማታውቂው መኪና ውስጥ አትግቢ፤ አብራችሁ ሂዱ፣ ሎኬሽንሽን ለአንዷ ላኪ።

ከበላሽ በኋላ በቀኝ ጎንሽ፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ወደ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ከያዘሽ የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት ከጨመረበት፣ ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካየሽ «ጨጓራ ነው» ብለሽ አትተኚ። አምቡላንስ 997 ነው፤ ሪያድ ውስጥ 911ም ይሠራል። በዓረብኛ «በጥኒ ዩጂዕኒ» ካልሽ ሆዴን አመመኝ ማለትሽ ነው።