ያውቁ ኖሯል? የጠፋ ቀለበትና የቢሾፍቱ አፈር

ቢሾፍቱ ኳስ ሜዳ ላይ የወደቀ የወርቅ ቀለበት በሜታል ዲቴክተር ሊገኝ ይችላል፤ አስቸጋሪው መሬቱ ነው። የሆራ፣ የቢሾፍቱና የባቦጋያ ሐይቆች የተኙት በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይና ቀይ ገረጋንቲ ብረት አዘል በመሆናቸው መሣሪያው ባዶ ቦታ ላይም ሊጮህ ይችላል። ስለዚህ ፈላጊው መጀመሪያ የመሣሪያውን ጥቅል ሽቦ ምንም የብረት ዕቃ ባልተቀበረበት መሬት ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገ ከአፈሩ ጋር ያስማማዋል።

ጥቅል ሽቦው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ ጌጡ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያዞራል፤ መሣሪያውም ያንን ያዳምጣል። ቀለበት ያልተቆረጠ ክብ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በደንብ ይዞርበታል፣ ድምፁም ጥርት ይላል። ቀጭን የአንገት ሐብል ግን፣ ዋጋው ከቀለበቱ ቢበልጥ እንኳ፣ የሚሰማው እንደ ብዙ ጥቃቅን ቁርጥራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይታለፋል። የሚያሳዝነው፣ ለእሬቻ የሚደረገው የመስታወት ጨሌ ጭራሽ ድምፅ አይሰጥም። የአሉሚኒየም ቁራጭ በአንጻሩ እንደ ወርቅ ስለሚጮህ፣ ቀለበት የሚፈልግ ሰው ቆሻሻውንም ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ቦታውን ሳይረግጥ ምልክት ቢያደርግበት ፍለጋውን እጅግ ያቀልለዋል።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በተመሳሳይ ዘዴ ፈልጎ ሳያገኘው ቀርቷል።

የተገኘው ጌጥ የማን እንደሆነ ከታወቀ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለባለቤቱ መንገርን ግዴታ ያደርጋል፤ ወሮታ መጠየቅንም ይፈቅዳል፣ ተገቢም ነው። ጥንታዊ ቅርስ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገራል።