ባሕር ውስጥ የቀሩት ሦስት ፊያቶች

በወረራው ዘመን ጣሊያኖች አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን ሲያቋቁሙ፣ የድሮው ሰፈር ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ለከተማይቱ ግንባታ የሚያስፈልገው ሲሚንቶና መኪና የሚመጣው በባሕር ነበር። ከጭነቶቹ አንዱ ግን ምፅዋ ሳይደርስ ሰጠመ።

ኡምብሪያ የተባለችው መርከብ ወደ 360,000 የሚጠጋ ቦምብ፣ ብዙ ሲሚንቶና ሦስት ፊያት መኪኖች ጭና ስትጓዝ እንግሊዞች ፖርት ሱዳን አጠገብ አስቁመው መፈተሽ ጀመሩ። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ካፒቴኑ ሎሬንሶ ሙየሳን አገራቸው ጦርነት ማወጇን በሬዲዮ ሰሙ። ለፈታሾቹ የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ ነው ብለው ሠራተኞቻቸውን አወረዱ፤ መርከቧንም ራሳቸው አሰጠሟት። ጭነቱ ለእንግሊዝም ለጣሊያንም ሳይሆን ቀረ።

ለቁራሌው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ብረት አንድ ጊዜ ተመዝኖ የሚሸጥ ነው። ቦምቡ ስለሚያስፈራ ግን የሚነካው አልተገኘም፤ የበለጠው ትርፍ የመጣውም ከዚሁ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ኮራል የሚጣበቀው ጠንካራ ነገር ላይ ስለሆነ ብረቱ መሬት ሆነለት። ትንንሽ ዓሦች በየክፍሉ ተጠለሉ፣ እነሱን የሚበሉት ተከተሉ። ኪራይ የለ፣ ደላላ የለ፣ ሰፈሩ በራሱ ሞላ። እ.ኤ.አ. በ1949 ኦስትሪያዊው ጠላቂ ሃንስ ሃስ ወርደው ካዩዋት ወዲህ ዝናዋ ወጣ። መርከቧ በጎኗ የተኛች ስትሆን ከፊሏ ከውሃው ወለል ብዙም አይርቅም፤ አየር በጀርባው ያዘለ ጠላቂ ፊያቶቹን እስከ ዛሬ ከመጋዘኗ ውስጥ ሊያያቸው ይችላል።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ይለወጣል። ጠላቂው የሚከፍለው ለጀልባ፣ ለነዳጅ፣ ለአየር መሙያ፣ ለመሪ፣ ለምግብና ለመኝታ ነው፤ በሚቀጥለው ወቅት ሌላው መጥቶ ያንኑ ይከፍላል። ዕቃው ሳይነሳ ደጋግሞ ይሸጣል ማለት ነው። የአራዳ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

ችግሩ ያለው ንብረቱ ላይ ሳይሆን ሠፈሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ስትለይ ኢትዮጵያ ምፅዋንና ዳህላክን አጥታለች፤ በባሕር ቱሪዝም ገንዘቡን ሊያውል የሚሻ የአዲስ አበባ ባለሀብት ቅርቡ ጅቡቲ ናት፤ እዚያም የሚሸጠው የሰጠመ መርከብ ሳይሆን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ዓሣ ነባሪ መሳይ ሻርክ ነው። ሱዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ውስጥ ገባች፤ በ2025 ፖርት ሱዳንም በድሮን ተደብድባለች። ቦምቦቹ እንደተደረደሩ፣ ዓሦቹም እንደሰፈሩ ናቸው፤ የጠፋው ጀልባ ተከራይ ነው።