ያውቁ ኖሯል? ቆዳ፣ ፓተንት ወይስ ሲንቴቲክ?

ጫማ ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው መልኩን፣ ቀጥሎም ዋጋውን ነው። ከምን እንደተሠራ የምንጠይቀው እግራችን ሲያልበው፣ ጫማው ሲላጥ ወይም ሶሉ ሲገነጠል ነው። ያኔ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቷል። ከመክፈልዎ በፊት ቢያውቋቸው የሚበጁ ነገሮችን እነሆ።

ስለ ቆዳ

• እስካሁን ከተገኙት የቆዳ ጫማዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ 5,500 ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ያውቁ ኖሯል? የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 አርመን ውስጥ በአሬኒ ዋሻ ነው። ከአንድ ወጥ የከብት ቆዳ ተቆርጦ በቆዳ ጠፍር የተጠለፈ ሲሆን ውስጡ ሣር ተጠቅጥቆበት ነበር። ሳይበሰብስ የቆየው ዋሻው ደረቅና ቀዝቃዛ ስለነበረ፣ የበግ በጠጥም ስለከደነው ነው።

• ዛሬ በዓለም ላይ የሚለፋው ቆዳ አብዛኛው በክሮም ጨው የሚለፋ ነው። በዛፍ ቅርፊት ማልፋት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ክሮም ግን ይህን ወደ አንድ ቀን ገደማ አሳጠረው። ከማልፊያው በርሜል ሲወጣ ቆዳው ፈዛዛ ሰማያዊ ይሆናል። በቆዳ ፋብሪካዎቻችን «ዌት ብሉ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በክሮም የለፋው ለስለስ ብሎ ለጫማው የላይኛው ክፍል ይስማማል፤ በቅርፊት የለፋው ጠንከር ስለሚል ለቆዳ ሶልና ለቀበቶ ይመረጣል።

• ክሮም በሁለት መልክ ሊገኝ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮም ሦስት ነው። አሠራሩ ወይም አቀማመጡ ከተበላሸ ግን ወደ ክሮም ስድስት ሊለወጥና የሰውን ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰውነት ጋር በሚነካካ ማንኛውም የቆዳ ዕቃ ውስጥ የክሮም ስድስት መጠን በኪሎ ግራም ከ3 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግድ ብሏል።

• ከአንድ ከብት የተገፈፈ ቆዳ በውፍረቱ ተሰንጥቆ ለሁለትና ከዚያም በላይ ይከፈላል። ጠንካራው በፀጉሩ ወገን ያለው የላይኛው ሽፋን ነው፤ ክሮቹ እዚያ ጥቅጥቅ ብለው ተሳስረዋልና። በሥጋው ወገን ያለው የላላ ነው። ስለዚህ ሁለት ጫማዎች ላይ «እውነተኛ ቆዳ» ተብሎ ቢጻፍና ሁለቱም እውነት ቢሆኑ እንኳ፣ አንዱ ዓመታት ሲያገለግል ሌላው ቶሎ ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

• የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በራሱ ስም ይታወቃል። ለጥሩ ሱዌድና ለጫማ ይፈለጋል። የደጋው በጋችን ቆዳ ደግሞ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ውድ የእጅ ጓንት ሠሪዎች ይመርጡታል።

• ይህን ሀብት ከሚያበላሹት መካከል በዓይን ለማየት እንኳ የሚያዳግቱ ተባዮች እንዳሉ ያውቁ ኖሯል? «እከክ» የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ በቅማልና በመሰል ተባዮች ይመጣል። በቆዳው ላይ የሚተወው ነቁጥ ፀጉሩ ሳለ አይታይም፤ ከለፋ በኋላ ግን ፈጽሞ አይሸሸግም። የሾህ ጭረት፣ የመተኮሻ ጠባሳና በአገፋፈፍ ጊዜ የሚፈጠር የቢላዋ ቀዳዳም እንዲሁ ናቸው። የጥሩ ጫማ ሥራ የሚጀምረው ከፋብሪካው ሳይሆን ከአርቢው ደጅ ነው፤ በጉን በወቅቱ ያሳከመ አርቢም ከጫማ ሠሪዎቹ አንዱ ነው።

ስለ ፓተንት

• ፓተንት የሚባለው አንጸባራቂ ቆዳ ከየት መጣ? በአሜሪካ ይህን ቆዳ በብዛት ማምረት የጀመረው የኒው ጀርዚ ግዛት ነዋሪ የነበረው ፈልሳፊ ሴዝ ቦይደን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1819። ቆዳውን ደጋግሞ የሚቀባው ከተልባ ዘይት በተዘጋጀ ቫርኒሽ ነበር። ዛሬ በተልባው ፋንታ የሚለበጠው በአብዛኛው ፖሊዩረቴን የተባለ ፕላስቲክ ነው።

• ፓተንት ሁሉ ቆዳ አይደለም። ሥሩ ቆዳ የሆነ አለ፤ ሥሩ ጨርቅ የሆነም አለ። ከላይ ሲያዩዋቸው ሁለቱን መለየት ይቸግራል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ0.15 ሚሊ ሜትር የወፈረ ልባጥ ያለበት ቆዳ «የተለበጠ ቆዳ» ተብሎ ተለይቶ መጠራት አለበት፤ ልባጡም ከጠቅላላው ውፍረት ከሲሶ መብለጥ የለበትም።

• ፓተንት «ሲለበስ ይሰፋል» ተብሎ እንደማይገዛ ያውቁ ኖሯል? ልባጡ ቆዳው እንዳይሳብ ይይዘዋል፤ እንፋሎትም እንዳይወጣ ያግዳል። ሱቅ ውስጥ የጠበበ ፓተንት የሠርግ አዳራሽ ውስጥም ጠባብ ነው። ለክት፣ ለጥቂት ሰዓት ያማረ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ለሚውል አስተማሪ ወይም አስተናጋጅ ግን አይመከርም።

• ፓተንት ቀለምና ሰም አይፈልግም፤ ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ከጠቆረ ጫማ ጋር ተጣብቆ ወይም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን ቀለም ይጠጣል። የሌላውን ጫማ ቀለም ወይም የጋዜጣውን ፊደል አንዴ ከያዘ ማስለቀቅ ከባድ ነው። ነጭ ጨርቅ ወይም ያልታተመበት ወረቀት ይጠቀሙ።

• ቆዳ ሲጫር ቅባትና ቀለም ይሸፍነዋል። የፓተንት ልባጥ ሲሰነጠቅ ግን የሊስትሮ ብልሃትም አይመልሰው። የሚሰነጠቀውም ብዙውን ጊዜ ስንራመድ በሚታጠፈው ቦታ ነው፤ ብርድ ደግሞ ያፋጥነዋል። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ያላችሁ ወገኖች ይህን ልብ በሉ።

ስለ ሲንቴቲክ

• ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቆዳን የሚተካ «ኮርፋም» የተሰኘ ሰው ሠራሽ ምርት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ አውሎ፣ በ1971 እንዳቆመ ያውቁ ኖሯል? ኪሳራው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። ኮርፋም ውሃ አያስገባም፣ በቀላሉም ይጸዳል። ነገር ግን እንደ ቆዳ የእግርን ቅርጽ አይቀበልም፤ ማታ ወልቆ ሲያድር ወደ መጀመሪያ ቅርጹ ይመለሳል። ብዙ ደንበኛ የሸሸው እግሩን ስላልተመቸው ነበር።

• ሲንቴቲክ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት አቆራረጡ ነው። ቆዳ ዳርና ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ጠባሳ ያለበት፣ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ የሚለያይ ነው፤ ቆራጩ እያንዳንዱን እያየ ይለካል። ሲንቴቲክ ግን እንደ ጣቃ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ብዙ ንብርብር በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ ብጣሹም ጥቂት ነው።

• ያልተለበሰ ጫማም ያረጃል። ብዙ ስኒከሮችና ቦቲዎች ፖሊዩረቴን ሶል አላቸው፤ ይህ ሶል ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ከውጭ አገር የተላከልዎትን ጫማ ለክት ብለው ለዓመታት ከካርቶን ካላወጡት፣ ባወጡት ዕለት ሶሉ ሊፈረፈር ይችላል። እንዲህ ያለውን ጫማ ማድረግ ይሻላል እንጂ ማኖር አያቆየውም።

• ብራዚል ከእንስሳ ያልተገኘን ነገር «ቆዳ» ብሎ መሸጥን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው ሕግ ነው። ቆዳን እንዲተኩ ከአናናስ ቅጠል የሚሠሩት አዳዲስ ምርቶችም ቢሆኑ እንዲበረቱ ከላይ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነክ ልባጥ ይደረግባቸዋል። ስለዚህ «ከተክል የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ልባጡ ምን እንደሆነም ይጠይቁ።

• በአይሁድ እምነት በዮም ኪፑር ዕለት የቆዳ ጫማ አይደረግም። በዚያ ቀን በእስራኤል ምኩራቦች ሸራና የፕላስቲክ ጫማ ከሙሉ የክት ልብስ ጋር ማየት የተለመደ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

• በአውሮፓ ገበያ የሚሸጥ ጫማ ምልክቶችን ማንበብ ይችላሉ? የተዘረጋ የቆዳ ቅርጽ ማለት ቆዳ ነው፤ በዚያው ቅርጽ ውስጥ ዳይመንድ ካለበት የተለበጠ ቆዳ ነው፤ የተጠላለፈ መስመር ጨርቅን፣ ባዶ ዳይመንድ ደግሞ ሌላ ማንኛውንም ነገር ያመለክታል። ምልክቱ ለላይኛው ክፍል፣ ለገበሩና ለሶሉ ለየብቻ ይሰጣል። የላይኛው ክፍል ቆዳ ሆኖ ገበሩ ፕላስቲክ ሊሆን ስለሚችል ሦስቱንም ይዩ።

• ምልክት በሌለበት ገበያ የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከቱ። ቆዳ ከሆነ የተወሳሰቡ ክሮች ይታያሉ፤ ሲንቴቲክ ከሆነ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሥር ጨርቅ ያገኛሉ። በጣትዎ ጫን ሲሉት ቆዳ በዙሪያው ረቂቅ መስመሮች ያወጣል። ሽታን ብቻ አይመኑ፤ የቆዳ ሽታ ሊቀባ ይችላል። በእሳት መሞከርም የሰው ዕቃ ማበላሸት ነው።

• በሁለት እግሮቻችን ላይ ወደ 250,000 የሚጠጉ የላብ ዕጢዎች አሉ። በጀትዎ ሙሉ የቆዳ ጫማ የማይፈቅድ ከሆነ ቢያንስ ገበሩና የውስጥ መርገጫው ቆዳ ወይም ጥጥ ይሁን፤ እግርዎን የሚነካው እሱ ነውና።

• የራሰ የቆዳ ጫማ ከከሰል ምድጃ ወይም ከማሞቂያ ዳር አይቀመጥም። የእርጥብ ቆዳ ክሮች በሙቀት ይኮማተራሉ፤ የተኮማተረ ቆዳ ደግሞ አይመለስም። ወረቀት ጠቅጥቀው በጥላ ያድርቁት፣ ከዚያ ቅባት ይስጡት። ሁለት ጫማ እያፈራረቁ ማድረግም የሁለቱንም ዕድሜ ያራዝማል።

• ለክረምት ጭቃና ለእርሻ የላስቲክ ቦቲ፣ ለወጥ ቤት ሠራተኛ የሚታጠብ ሲንቴቲክ፣ ለዘወትር ረጅም ቀን ቆዳ፣ ለአንድ ምሽት ድግስ ፓተንት ይሁን። የሥራው ዓይነት ይቅደም፣ ውበቱ ይከተል።

• ያለ ጫማ መሄድ ብቻውን ለበሽታ ሊያጋልጥ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ከትንኝ አይመጣም። ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸውና በቂ ዝናብ በሚያገኙ፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች፣ ረቂቅ የአፈር ቅንጣቶች በባዶ እግር ዘልቀው በተፈጥሮ ለዚህ የተጋለጡ ሰዎችን ያሳምማሉ። በሽታው እጅግ ከበረታባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት። መከላከያው ግን ቀላል ነው፦ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ። እግርን ሸፍኖ ከአፈር የሚለይ እስከሆነ ድረስ ጫማው ሲንቴቲክም ሊሆን ይችላል። በቤትዎ ለአንድ ልጅ ውድ የክት ጫማ ለመግዛት ካሰቡ፣ አስቀድመው ለሁሉም ልጆች የዘወትር ጫማ መኖሩን ያረጋግጡ።