ለሰፊ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የሣር ማጨጃ አመራረጥ

በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ይዞታ ያለው አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ «ዜሮ ተርን» የሚባለውን ሣር ማጨጃ ለመግዛት ሲያስብ ከዋጋው አስቀድሞ የመሬቱን አቀማመጥ ሊመረምር ይገባዋል። መኪናው በቆመበት ዞሮ ስለሚመለስ ዛፍ የበዛበትን ሜዳ ፈጥኖ ያጸዳል። ይህም የሚሆነው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በየራሳቸው ዘንግ ስለሚታዘዙ ነው፤ የፊተኞቹ ግን ተከታዮች እንጂ መሪዎች አይደሉም። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ በተዳፋት ወይም በእርጥብ ሣር ላይ የኋላ ጎማዎች ከተንሸራተቱ መሪም ፍሬንም በአንድነት ይጠፋሉ።

ብዙዎቹ አምራቾች ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት እንዳይሠራበት ያስጠነቅቃሉ፤ ይህም በአንድ ሜትር አግድመት 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። የቦይና የኩሬ ዳርቻ በእጅ በሚገፋ ማጨጃ ይታጨድ። ከመገልበጥ የሚከላከለው ብረት የሌለው አሮጌ መኪና፣ በስጦታ ቢቀርብ እንኳ፣ ባይቀበሉት ይሻላል። ብረቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም የደኅንነት ቀበቶው ይታሰር፤ ከታጠፈ ግን አይታሰር፤ መኪናው ቢገለበጥ ነጂውን ከሥሩ ያስቀረዋልና።

የማጨጃው ስፋት ባመዛኙ ከ42 እስከ 60 ኢንች ስለሆነ የአጥሩ በር አስቀድሞ ይለካ። ስለቱ ጠጠር አርቆ ስለሚያስፈነጥር ሕፃናት በግቢው ሳሉ ሞተሩ አይነሣ።